«ጀሪካኗን አጥፋት» ያልኩት ቀን

የሰው ፎቶ አይቶ አስተያየት መስጠት ቀላል ይመስላል። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው አስቀይሜያለሁ። ጥሩ ፎቶ አበላሽቻለሁ። አንድ ልጅ ለወራት ምንም እንዳይልክ ምክንያት ሆኛለሁ። ይህን የምጽፈው «እስቲ እየው፣ እንዴት ነው?» እየተባለ ፎቶ ለሚላክለት ሰው ነው። እኔ በሰው ላይ የተማርኩትን እናንተ ከእኔ ብትማሩት ይሻላል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ከበረንዳዬ የረር ተራራ ይታየኛል። ኅዳር ላይ ጤፉ ሲደርስ ከሕንጻዎቹ ማዶ ያለው ሜዳ ወርቅ ይመስላል። ካሜራ የገዛሁትም ይህን አይቼ ነው። ያገለገለ ካኖን፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር። እሁድ በጠዋት እየወጡ ፎቶ ከሚያነሱ የሰፈር ልጆች ጋር የተዋወቅሁት ያኔ ነው። ሁላችንም አማተር ነን። አንዱ ጥበቃ ነው፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ተማሪ ናት። አብዛኞቹ የሚያነሱት በስልክ ነው። ያነሳነውን ማታ ማታ በቴሌግራም እንላላካለን፣ አስተያየት እንሰጣጣለን። በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርኩ። ካሜራ የያዝነውም ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። ስለዚህ ሁሉም የእኔን ቃል ይጠብቅ ነበር።

የማውቀው ከዩቲዩብ የለቀምኩትን ነው። ሩል ኦፍ ሰርድስ የሚሉትን፣ ፍሬሙን ዘጠኝ ቦታ ከፍሎ ዋናውን ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ማስቀመጥን። አድማሱ አይዝመም። ከሰው አናት ላይ የመብራት እንጨት አይብቀል። ባክግራውንዱ ይጽዳ። ሁሉም ደህና ምክር ነው። ችግሩ እኔ የማየው ደንቡን እንጂ ፎቶውን አልነበረም። የተላከልኝን ሁሉ እንደ ፈተና ወረቀት አርም ነበር።

መጀመሪያ የደነገጥኩት በመብራት ሰበብ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ስልኬ 12 ፐርሰንት ላይ ደርሷል። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራ ስክሪኑ ደብዝዟል። እኔ ልብ አላልኩም። ለሦስት ሰዎች ተራ በተራ «አንደር ነው፣ ጨልሟል፣ አብራው» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ሳያቸው አንዳቸውም አልጨለሙም። አንደኛው ግን ቃሌን ሰምቶ አብርቶታል። ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የየረር ጫፍ ላይ የነበረው ደመና የለም።

ሌላ ቀን ደግሞ ስክሪኑን ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገው ሞድ እንደበራ «ቀለሙ ቢጫ በዝቶበታል» ብዬ ፈረድኩ። ሌላ ቀን «ፎከስ የለውም፣ ተሸርሽሯል» ያልኩት ፎቶ ኦርጅናሉ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ይጨምቀዋል፣ ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። እኔ የቴሌግራሙን ጥፋት በልጁ ላይ ደፍድፌበታለሁ።

ስለዚህ ገና ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አድርጉ። የስክሪናችሁን ብርሃን ከፍ አድርጉ። የማታውን ሞድ አጥፉ። ስለ ጥራት ወይም ስለ ፎከስ ልትናገሩ ከሆነ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በሉ። ፀሐይ ላይ ቆማችሁም አትፍረዱ፤ ፀሐይ ላይ ሁሉም ስክሪን ጨለማ ነው። ይህን ብቻ ባውቅ ኖሮ ግማሹ ስህተቴ አይፈጠርም ነበር።

ግማሹ ግን በስክሪን የሚሳበብ አይደለም።

ከልጆቹ አንዱ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ እናቱን ቡና ሲቀዱ አንስቶ ላከ። በስልክ ነው ያነሳው። እናትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ብርሃኑ ከበረንዳው በር ይገባል፣ ግማሽ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ከአጠገባቸው ግድግዳውን ተደግፋ አንዲት ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለች። ክዳን የላትም፤ በክዳኑ ፈንታ ሰማያዊ ፌስታል ተወትፎባታል።

እኔ 14 ነጥብ ጻፍኩ። ቆጥሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ። ረከቦቱ ተቆርጧል። በሩ ዘሟል። የጀበናው አፍ ከመጋረጃው ጋር ተቀላቅሏል። እጃቸው ብለር ሆኗል፣ ደብዝዟል፤ ሹተሩን፣ የካሜራውን መዝጊያ፣ አፍጥነው። አራተኛ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጀሪካኗ ዓይን ትስባለች፣ አጥፋት።»

ልጁ «እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» አለ። በሁለተኛው ቀን አስተካክሎ ላከው። ጀሪካኗ በአፕሊኬሽን ተፍቃለች። በሩ ቀጥ ብሏል። ከኋላ ያለው ሁሉ ብለር ተደርጓል። እኔም «አሁን ፎቶ ሆነ» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹም አጨበጨቡ። ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም አልላከም።

ጥር ላይ ተማሪዋ ልጅ የጥምቀት ዕለት ያነሳችውን የአያቷን ፎቶ ላከች። ነጠላ ለብሰው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው። ነጠላው ጥሩ ወጥቷል፣ ፊታቸው ግን ጠቁሯል። «ፊታቸው አይታይም፣ አብሪው» አልኳት። አበራችው። የነጠላው ጥበብ ጠፋ። «አሁን ደግሞ ኦቨር አደረግሽው» አልኳት፣ በሰው ፊት። እሷም ዝም አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልእክቱን ባጠፋውም ሁሉም አንብቦታል።

መጋቢት ውስጥ አንድ እሁድ የጀሪካኑን ልጅ መንገድ ዳር ጀበና ቡና ላይ አገኘሁት። ተነስቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ለምን መላክ እንዳቆመ ጠየቅሁት። መጀመሪያ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አለኝ። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ግን ተናገረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ሲስተካከል አማረ። ግን እኔ'ኮ ያነሳሁት ጀሪካኗን ነበር።»

እነሱ ያሉበት ብሎክ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ግን አይወጣም። እናቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወርደው ከታች ይቀዳሉ፣ ተሸክመው ይወጣሉ። በዚያ ሌሊት እሱ ሥራ አድሮ ነበር። ጠዋት ሲገባ እናቱ ብቻቸውን ስድስት ጀሪካን አውጥተው፣ ሳይተኙ ቡና አፍልተው ጠበቁት። ሲቀዱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩን ያወጣው ይህን አይቶ ነው። እኔ «ብለር» ያልኩት እጅ የደከመ እጅ ነው። እኔ «አጥፋት» ያልኩት ጀሪካን የቡናው ውሃ የመጣበት ነው።

«ኦርጅናሉ አለ?» አልኩት። ስልኩ ሞልቶበት አጥፍቶታል። ያስቀረው የተስተካከለውን ነው፣ እኔ አሁን ፎቶ ሆነ ያልኩትን።

ማታ ቤቴ ገብቼ የቆዩ መልእክቶችን ወደ ላይ እየገፋሁ ፈለግሁ። አገኘሁት። ቴሌግራም ጨምቆ ያሳነሰው ቅጂ ነው፣ ከሥሩ የእኔ 14 ነጥብ ተደርድሯል። የቀረው እሱ ብቻ ነው። አውርጄ መልሼ ላክሁለትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ትልቅ አድርጎ ማሳተም ግን ከእንግዲህ አይቻልም።

ከዚህ የተረፈኝ አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ለማንም ሰው «አስተካክለው» ከማለቴ በፊት «ኦርጅናሉን ሌላ ቦታ አስቀምጥ» እላለሁ። ለራሱ በሚላክ መልእክት ይሁን፣ በሜሞሪ ካርድ ይሁን፣ ብቻ ይቀመጥ። ምክር ሊሳሳት ይችላል፣ ኦርጅናል ከጠፋ ግን ጠፋ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈራሁ። ለሦስት ወር ያህል ለሁሉም «ድንቅ ነው»፣ «አሪፍ»፣ «እጅህ ይባረክ» ብቻ ሆነ መልሴ። ማንንም የማልጎዳ መሰለኝ። አንድ ማታ ተማሪዋ ልጅ በግል ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ባለፈው አብሪው ብለውኝ ሳበራው አበላሸሁት። አሁን ደግሞ ለሁሉም ድንቅ ይላሉ። እኔ መማር ነው የምፈልገው። የትኛውን ልመን?»

ይህ ከስድብ በላይ ተሰማኝ። ውዳሴዬም ያው ሳያዩ መናገር ነበር። ሳይታይ የተሰጠ «ድንቅ» እና ሳይታይ የተሰጠ «አጥፋው» አንድ ናቸው።

የአያቷን ፎቶ እንደ ፋይል ላከችልኝ። በዚያ ሳምንት ቁጭ ብዬ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አጠናሁ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፍሬሙ ውስጥ ነጭ ሲበዛ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ተከቦ ፀሐይ ላይ ሲቆም ልዩነቱ ይሰፋል። ለፊቱ ስታበራ ነጠላው ይቃጠላል፤ ነጠላውን ስታተርፍ ፊቱ ከሰል ይሆናል። ስለዚህ ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። «አብሪው» የሚለው ምክሬም መፍትሔ አልነበረም። መፍትሔው አያትየውን ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ ማስገባት ነው። ጥላ ውስጥ የፊትና የነጠላ ልዩነት ይጠባል። በስልክ ከሆነ ፊታቸው ላይ ነክቶ ብርሃኑን በጣት ትንሽ ወደ ታች መሳብ ነው፣ የነጠላው ጥበብ እስኪታይ ድረስ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር አወቅሁ። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ፣ ሸርሊ ካርድ የሚባለው፣ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነበር። የእኛ ፊት በድሮ ቀለም ፎቶዎች ላይ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ «ፊቱን አብራው» ልትሉ ስትሉ እባካችሁ አንድ ጊዜ አስቡ። ጠይም ሰው ጠይም ሆኖ ነው መታየት ያለበት። የሚፈለገው የፊቱ ቅርጽ እንዲነበብ ነው፣ እንዲነጣ አይደለም።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልጻፍኩላትም። «ነጠላው ላይ ያለው ጥበብ መትረፉ ጥሩ ነው፣ እሱን አትንኪው። በሚቀጥለው ጥላ ውስጥ አቁመሽ ሞክሪ» ብቻ አልኳት። በሳምንቱ ሞክራ ላከች። አያትየው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የግንባራቸው መስቀል ሳይቀር ይታያል።

አሁን ፎቶ ሲላክልኝ የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቶሎ አልጽፍም። ከፍቼ አየዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ፣ ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ሁለተኛ ሳየው የሚታየኝ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ከዚያ የማየውን እናገራለሁ፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳልል። «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው በሩ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ እጃቸው ሄደ፣ ልጁን ያየሁት በመጨረሻ ነው።» ይህን ያህል ብቻ። አንሺው ልጁ ዋናው እንዲሆን ፈልጎ ከነበረ የጎደለውን ራሱ ያውቀዋል። እኔ መንገር አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ እጠይቃለሁ። «ምን አይተህ ነው ያነሳኸው?» ከዚህ ጥያቄ የሚበልጥ አስተያየት እስካሁን አላገኘሁም። ፎቶግራፈሯ አይዳ ሙሉነህ በፈረንጆቹ 2010 የጀመረችው የፎቶ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ፖርትፎሊዮ ሪቪው ነበረበት። ባለሙያው ከአንሺው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ሥራውን እያገላበጠ ይነጋገራል። የእኛ ሰፈር ልጆች ያን ዕድል ላያገኙ ይችላሉ። ጥያቄውን ግን ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ መጠየቅ ይችላል።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እመክራለሁ። 14 አይደለም፣ ሦስትም አይደለም። አንድ። እሱንም ሰውየው ባለው ዕቃና ባለው ጊዜ ሊያደርገው የሚችለውን። ይህንን ከጥበቃው ልጅ ነው የተማርኩት። የሚያነሳው ሁሉ ቀትር ላይ ነው። «ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ውጣ፣ ያኔ ብርሃኑ ለስላሳ ነው» እያልኩ ስመክረው ከረምኩ። እሱ ከ12 እስከ 12 በር ላይ ነው። ነፃ የሚሆነው ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጥላህ እግርህ ሥር ይገባል። የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። እና ይህ ልጅ በእኔ ምክር ምን ሊያደርግ ነው? ሥራ ሊለቅ?

በመጨረሻ አብረን ሞከርን። ሰውየውን ከጥበቃ ቤቷ ደጃፍ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ጥላው ውስጥ አቆምነው፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ። ከፊቱ መሬት ላይ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ ዘረጋን። ፀሐይዋ ማዳበሪያው ላይ አርፋ ብርሃኗ ወደ ላይ ተመለሰ። ዓይኑ በራ። ማዳበሪያው ከሱቅ በነፃ የተገኘ ነው። ልጁ አሁን ቀትርን አይፈራም፤ እንዲያውም እኔ ቀትር ላይ ማንሳት የጀመርኩት ከእሱ አይቼ ነው።

ጥቂት ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሁሉም ፎቶ አስተያየት ፈልጎ አይላክም። የልጁን ክርስትና፣ የእህቱን ምርቃት፣ የሟች ዘመዱን ፎቶ የላከ ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ወይም «ነፍስ ይማር» ነው የሚጠብቀው። ግልጽ ካልሆነላችሁ «አስተያየት ልስጥ?» በሉ። የሰውን ፎቶ ሳታስፈቅዱ አስተካክላችሁ አትመልሱ። እኔ አድርጌዋለሁ፤ የሰው ጓዳ ገብቶ ዕቃ እንደማንቀሳቀስ ነው። ስህተቱ የሚያሳፍር ከሆነ በግል ጻፉ፣ ጥሩውን ግን በሰው ፊት ተናገሩ።

በግል ይሁን በሰው ፊት ዝም የማልለው አንድ ነገር ብቻ ነው። የተቸገረ ሰው ወይም ልጅ ሳይጠየቅ ሲነሳ። ያኔ ስለ ብርሃን አላወራም። «አስፈቅደሃል ወይ?» እላለሁ። መልሱ አላስፈቀድኩም ከሆነ «እባክህ ፎቶውን ከዚህ አጥፋው» እላለሁ። በዚህ የተቀየመኝ አለ። ይቀየመኝ።

አስተያየት ተቀባዩም ቢሆን ሊረዳን ይችላል። «እንዴት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። «የእጇ እንቅስቃሴ እንዲታይ ፈልጌ ነበር፣ ታየ?» በሉ። እንደዚህ የተጠየቀ ሰው 14 ነጥብ አይጽፍም።

የጀሪካኑ ልጅ ከክረምት በኋላ ተመለሰ። እናቱን ደጋግሞ ለማንሳት ሞክሯል። አልሆነም። ሊያነሳቸው መሆኑን ሲያውቁ የክት ቀሚሳቸውን ይለብሳሉ፣ ጀሪካኑን ራሳቸው ጓዳ ይደብቃሉ። እሱም ተወው። ባለፈው ሳምንት ሌላ ፎቶ ላከ። ሰው የለበትም። ንጋት ላይ የደረጃው መዞሪያ ነው። ጀሪካኖች ከታች ወደ ላይ በየደረጃው ተደርድረዋል፣ ወረፋ የያዙ ይመስላሉ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ሦስተኛዋ ላይ ወድቋል።

ሁለት ጊዜ ከፍቼ አየሁት። በሦስተኛው ጻፍኩለት፦ «ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ሰማያዊው ፌስታል ላይ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «እኔም ጋሼ።»